ሴቷን ነው የሰፋኋት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቴሌግራም ላይ ስትገቢ አይሻለሁ፤ አንቺም ታዪኛለሽ። ማን ቀድሞ ይጻፍ ብለን ተፋጥጠን ከረምን፤ እንግዲህ እኔ ተሸንፌያለሁ።

ከደብዳቤው ጋር የምትደርስሽን የጨርቅ ወፍ በእጄ ነው የሰፋኋት። ሳቂ! የትራስ ልብስ ላይ እርግብ ስንጠልፍ የእጅ ሥራ አስተማሪያችን «ይቺ ዶሮ ናት?» ያሉኝን መቼም አልረሳሽውም።

ካርዲናል ይሏታል። እዚህ ቨርጂኒያ ብርዱ ሲገባ ስንቱ ወፍ ወደ ደቡብ ይሰደዳል፤ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። በረዶ ላይ ቆማ የፈረንጅ ሱፍ ትለቅማለች። በፈረንጆቹ 1950 የግዛቱ መለያ ወፍ ተደርጋለች፤ ሌሎች 6 ግዛቶችም እሷኑ መርጠዋል። ታዲያ በየሱቁና በየገና ካርዱ የምታዪው ወንዱን ብቻ ነው፤ ከቁንጮው እስከ ጅራቱ ቀይ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ቀዩ ቁንጮዋን፣ ክንፏንና ጅራቷን ብቻ ነካ ነካ ያደርጋታል። ማን ዞር ብሎ ያያታል! እሷም እኮ ትዘምራለች። እዚህ አገር ካሉት ብዙዎቹ ሴት ወፎች በተለየ፣ ጎጆዋ ውስጥ እንቁላል ታቅፋ ሳይቀር ታዜማለች። እልህ ያዘኝና ወንዱን ትቼ እሷን ሰፋሁ።

ጨርቁ ስመጣ ያለበስሽኝ ነጠላ ነው። ጠርዙ ተበልቶ ለመልበስ አልሆን ብሎ ነበር። በሻይ ስቀቅለው ልክ የሴቷን ቀለም ያዘልኝ። ግን የሸማ ድር ሳሳ ያለ ስለሆነ ጥጡ በመሃሉ ብቅ ብቅ እያለ አስቸገረኝ፤ ከውስጥ አቡጀዴ ደረብኩበት። ቅዱ ሁለት ጎንና አንድ ሆድ ነው። ሆዱ ባይኖር እንደ አሣ ጠፍጣፋ ሆና ትቀር ነበር። የጨርቁን መልክ ወደ ውስጥ አድርጌ፣ መርፌዋን ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት፤ ከሆዷ በኩል ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ትቼ። ከመገልበጡ በፊት አንገቷና ደረቷ ላይ ያለውን ትርፍ ጨርቅ በመቀስ ጫር ጫር ካላደረግሽው ይጨማደዳል። መጀመሪያ የሚሞላው ምንቃሯና ጅራቷ ነው፣ በእርሳስ ቂጥ እየተገፋ። አካሏ ከምታስቢው በላይ ጥጥ ይበላል። ተደላድላ እንድትቀመጥ ብዬ ከሥሯ ጥቂት ሩዝ በጨርቅ ቋጥሬ ከተትኩ። ጤፍ ላደርግ አስቤ ነበር፤ የዚህን አገር የጤፍ ዋጋ ብታውቂ ለወፍ አትሰጪም።

ትልቁ ሥራ ዓይኗ ነው። ሁለቱን ጥቁር ዶቃዎች እንዲሁ ከሰፋሻቸው የደነገጠች ትመስላለች። ክሩን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በጭንቅላቷ ውስጥ አሻግረሽ ሳብ ስታደርጊው ግን ዶቃዎቹ ጎድጎድ ብለው ይገቡና ፊት ታወጣለች። ልጽፍልሽ የቆረጥኩት ያን ክር እየሳብኩ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ክንፏ ላይ ያለው ቀይ ጥለት ከዚያው ነጠላ የተረፈ ነበር፤ አለቀብኝ። ሽሮ ሜዳ ስትወርጂ ሻጮቹን ቁርጥራጭ ጥለት ለምኚልኝና ሰው ሲመጣ ላኪልኝ፤ ቀይና ብርቱካናማ ቢሆን ደስ ይለኛል። ወንዱን እሰፋለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ሌላ ሴት ነው የምሰፋው፣ ለራሴ።

አንቺስ እጅሽ ምን ይዟል? መልሱን በድምፅ እንዳትልኪ፤ ጻፊልኝ።

ወፏን ውሃ እንዳታስነኪያት፣ ሻዩ ይለቃል። ሩዙን ነቀዝ ከያዘው ደግሞ ሆዷን ፈትተሽ ቀይሪላት። ስፌቱን ደብቄዋለሁ፤ አንቺ ግን አታጪውም።

እህትሽ