ስንት ልበላቸው?

ደሴ፣ እሑድ ማታ

ይድረስ ለሰዓዳዬ፣

«እንዴት ከረምሽ» ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ለአረፋ አልደወልኩም፣ ለመውሊድ አልደወልኩም፣ ሁለተኛዋን ልጅሽን መገላገልሽንም ከሰው አፍ ሰማሁ። ይቅር በይኝ። ስለዚያ ገንዘብ ደግሞ አልረሳሁም፤ ግን ዛሬ ስለ እሱ ከጀመርኩ ሌላውን ሳልጽፍ ይነጋል። ይለፈን።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነገ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ስለሚሳፈር ይህን በእጁ እልክልሻለሁ። ስልክ እንዳለ አውቃለሁ። ስልክ ብደውል «ሰላም ነሽ?»፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠያይቀን፣ መስመሩ ተቆራርጦ እንዘጋዋለን። የምፈልገው ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ በስልክ ሲጠየቅ ልመና ይመስላል። በወረቀት ሲሆን ትንሽ ክብር አለው።

የምፈልገው ቁጥር ነው። ሐሙስ ሁለተኛ ዙር ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ ስንት ደመወዝ ልበላቸው?

ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ። የሰው ሂሳብ ስትዘጋ የኖረች ሴት የራሷን ዋጋ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ታስመጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ አምራች ድርጅት የወጪ ሂሳብ ባለሙያ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ስሙን አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤ እጅ ይቀያይራል፣ የደሴን ወሬ ደግሞ ታውቂዋለሽ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። በጽሑፍ ፈተና መቼም ወድቄ አላውቅም። ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።

በጠዋቱ ብርድ ሹራብ ደርቤ ወጣሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እየሞቀኝ ሄዶ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ ገባሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ደስ አለኝ። በሥራው አይደለም፤ ሥራው ገና ምኑም አልተያዘም ነበር። ማንም «እማዬ» ስለማይለኝ ነው። ትንሹ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሮ ትቼው ነው የወጣሁት፤ ያም ሆኖ ደስ አለኝ። ቁልቁለቱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። እንዲህ ያለች እናት አለች? ለእናቴ አልነግራት፣ ለንስሐ አባቴም ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ሳልለይ አልነግራቸው። አንቺ ንገሪኝ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። የሥራውን ጥያቄ ወንዶቹ ጠየቁ። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ሲንር ክምችቱን በየትኛው ዋጋ ትይዢዋለሽ፣ የተበላሸ ምርት ወጪው የት ይገባል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ይህን ስመልስ ድምፄ የራሴ ነበር፤ እንዲያውም አንደኛውን አርሜዋለሁ፣ በትሕትና። ከዚያ ያው ሰውዬ ማስረጃዬን አገላብጦ «ከ2014 ወዲህ የሥራ ልምድ አይታይም፤ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለኝ።

ሰዓዳ፣ ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጦ በ2014 ምን ሆነሽ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አየሽልኝ? የቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ከመዝገቡ እስከ መዝጊያው ተጠርጎ መሄዱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እሱም ያውቀዋል። ግን ቅጽ ይዟል፣ ቅጹ ላይ ደግሞ ጦርነት የሚሞላበት ሳጥን የለም። «ቤት ነበርኩ» አልኩት። ጻፈ።

ውሸት አይደለም፤ ቤት ነበርኩ። ግን ቤት ቁጭ ብዬ የስንቱን ባለሱቅ ሂሳብ እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኛል። አንዳንዱ ዘይት ጠጥቷል፣ አንዳንዱ ጀርባው ላይ የዱቤ ስም ዝርዝር ተጽፎበታል። ልጅ በጀርባዬ አዝዬ እየለቀምኩ፣ ገቢውን ከወጪው አስታርቄ፣ አስተካክዬ እመልስላቸዋለሁ። ክፍያው ላይ ስንደርስ «አንቺ እኮ ልጃችን ነሽ» ይሉኛል። እኔም ልጃቸው እሆናለሁ። አንዱ ስኳር፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ለትልቋ ጫማ ሰጠኝ፤ ጫማው ጠበባት። ይህን ለእነዚያ ሰዎች እንዴት አድርጌ ልንገር? የክፍያ ማስረጃ አምጪ ቢሉኝ ስኳሩ አልቋል።

ቀጥሎ ሴትዮዋ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትጽፍ ነበር። በዕድሜ ከእኛ ብዙ አትርቅም፤ አለባበሷ ያምራል፣ ፊቷም ክፉ አይደለም። በለሰለሰ ድምፅ «ልጆችሽን ለማን ትተሽ ትመጫለሽ?» አለችኝ። ቀጥላም «ሌላ የመውለድ ሐሳብስ አለሽ?»። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ውጭ ስንጠብቅ ፎቶግራፋቸውን አሳይቶኛል። ስወጣ ቆሞ አገኘሁትና «አንተንስ ስለ ልጆችህ ጠየቁህ?» አልኩት። «የምን ልጅ?» አለኝ።

ለምን እንደምትጠይቅ ጠፍቶኝ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባትየው ሦስት ቀን ነው። ቀጣሪ 120 ቀኑን በልቡ ይደምረዋል። ይኸው አዋጅ ሴት በሴትነቷ በቅጥር አድልዎ አይደረግባትም ይላል፤ የልብ ድምር ግን ፋይል ውስጥ አይገኝም። ወንዶቹ ቢጠይቁኝ ኖሮ ተናድጄ፣ ሐረጎን ሳልጨርስ እረሳው ነበር። ከእሷ ሲመጣ ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው። እሷስ ልጆቿን ለማን ትታ ነው እዚያ የተቀመጠችው?

አሁን የምጽፈውን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ጊዜ ብዕሩን አስቀመጥኩ። አንቺም የሰው ኃይል ክፍል ነሽ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ትቀመጫለሽ። ትጠይቂያለሽ ወይ? የልጅ እናት መጥታ ፊትሽ ስትቀመጥ «ለማን ትተሽ» ትያለሽ? ብትዪም አልቀየምሽም፤ አለቃሽ አስገድዶሽ ይሆናል፣ ቅጹም ላይ ተጽፎ ይሆናል። ግን አትዋሺኝ። ካልፈለግሽ ደግሞ ይህን ቦታ ዝለይውና ወደ ቁጥሩ እለፊ።

«አማቴ አሉ» ብዬ መለስኩላት። አሉም። እስከዚያች ሰዓት ግን አልጠየቅኳቸውም ነበር።

በመጨረሻ ያ መከረኛ ጥያቄ መጣ። «ስንት ደመወዝ ትጠብቂያለሽ?» አፌ ደረቀ። የአንድ ጥንድ ጫማ ማምረቻ ዋጋ ንገሪኝ ብትዪኝ ቆዳውን፣ ክሩን፣ መብራቱን፣ የዘበኛውን ደመወዝ ሳይቀር አካፍዬ እስከ ሳንቲሙ አወጣልሻለሁ። «በድርጅቱ የደመወዝ ስኬል መሠረት» አልኩ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ «የጠየቅነው የአንቺን ነው» አለ። «የሰጣችሁኝን» አልኩ። የሰጣችሁኝን! መድኃኔዓለም በር ላይ የሚቀመጡት እንኳ ከዚህ የተሻለ ይናገራሉ። የሚያሳዝነው ነገር ወድጄው ነው የተናገርኩት፤ ጨዋ ያሰኘኛል ብዬ። «ሐሙስ ስትመጪ ቁጥር ይዘሽ ነይ» ብለው ሸኙኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ደስ አለው፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለው። ከዚያ እንደ አስተማሪነቱ የትልቋን ደብተር ገልብጦ ያሰላ ጀመር። «እንበል 16,000 ብር» አለ። ግብሩን እኔ አወጣሁለት፤ በአዲሱ ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው፣ በጠቅላላው 3,550። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 1,120። እጄ የሚገባው 11,330። ከዚያ እርሳሱን ወሰደና ለሞግዚት 3,500፣ ለትራንስፖርት 4,000፣ ለምሳ 2,000 ቀነሰ። 1,830 ብር ቀረ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረና ቀና ብሎ አየኝ። «ለዚህ ብለሽ ነው በየቀኑ ሐረጎን የምትወጪ የምትወርጂው?» አለ፣ በርኅራኄ።

መጀመሪያ ዝም አልኩ። ሳህን ሳጥብ ነው የገባኝ። ሞግዚቷ ለምን ከእኔ ደመወዝ ብቻ ትቀነሳለች? የእሱ ደመወዝ ልጅ የለውም እንዴ? አንቺ በሂሳቡ በኩል እንቅልፍ ስለሚወስድሽ ላስረዳሽ። የጋራ ወጪ የሚባል አለ፤ ፋብሪካው ሁለት ምርት ካለው ኪራዩና ዘበኛው ለሁለቱም ይካፈላል። ወጪውን በሙሉ አንደኛው ላይ ከጫንሽው ያ ምርት ሁልጊዜ ከሳሪ ይመስላል፤ ሥራ አስኪያጁ «ይቁም» ይላል፤ ይቆማል፤ ኪራዩና ዘበኛው ግን እዚያው ናቸው። እኔም ብቀር ልጅ መጠበቁ አይቀርም፤ የማይከፈላት ሰው ትይዘዋለች ማለት ብቻ ነው።

እጄን ሳላደርቅ ሄጄ ደብተሩ ላይ 3,500ውን ለሁለት ከፈልኩት። ደብተሩን ረጅም ጊዜ አየው። «ትራንስፖርቱስ?» አለ። «ትራንስፖርቱ የእኔ ቀጥተኛ ወጪ ነው፣ አልካድኩም» አልኩት። ሳቀ። እሺ አላለም፣ ደብተሩንም አልቀደደውም። ቆይቶ «ለመሆኑ 16,000 ለምን አልክ?» ብዬ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ከእኔ ትንሽ ከፍ ይበል ብዬ ነው።» እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ብዬ ልጣላው?

ይህ ሁሉ ሲሆን አማቴ ቡናቸውን ይዘው ጥግ ተቀምጠዋል። እሳቸውን በድምሩ ውስጥ ማናችንም አላስገባናቸውም ነበር፤ ሞግዚት ካልተገኘ እሳቸው አሉ፣ ይኸው ነው። ሁለተኛውን ቀድተው ሲያበቁ «እኔ ብይዘውስ ስንት ትቆርጡልኛላችሁ?» አሉ። ባለቤቴ «እማማ ደግሞ!» ብሎ ሊስቅ ሲል አላሳቁትም። «በወር 1,000 ብር በእጄ። ከዚያ ሌላ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የምደርስበትን መሳፈሪያና የስንቅ። ሁለት ወር እሞክረዋለሁ፤ ካስቸገረኝ እለቃለሁ» አሉና ሲኒውን አነሱ። አዋጁም የሙከራ ጊዜን 60 የሥራ ቀን ነው የሚለው፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ። አልተሽኮረመሙም፣ «የሰጣችሁኝን» አላሉም። በዚያው ቅጽበት የተስማማነውም ለዚህ ይመስለኛል። ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ለጎረቤት «ሥራ ይዣለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው።

እሳቸውን እያየሁ ያሰብኩት አንቺን ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን ዶርም ውስጥ ፀጉር ስትሠሪ ዋጋሽን በሩ ላይ ለጥፈሽ ነበር። ሹሩባ ይህን ያህል፣ ቁጥርጥር ይህን ያህል። እኔ፣ አልጋ ከአልጋ የምጎራበትሽ፣ ቅናሽ ብጠይቅሽ «ለጓደኛ ቅናሽ የለም፤ ለጓደኛ ያለው ጥሩ ሥራ ነው» አልሽኝ። አኩርፌ ለምርቃት በዓሉ ሌላ ዘንድ ተሠርቼ ነቀለኝ፤ ሌሊቱን ፈትተሽ እንደገና ሠራሽኝ፣ ጠዋት ላይም ሙሉ ሒሳብ አስከፈልሽኝ። ያኔ ስስታም ብዬሽ ነበር። አሁን ያንን አንደበት ለሐሙስ ብታበድሪኝ ምን ነበር?

እንግዲህ ጥያቄዬን ዘርዝሬ ልጻፈው። የሚባለው ቁጥር ያልተጣራው ነው ወይስ እጄ የሚገባው? የትራንስፖርት አበልን ለብቻው ልጠይቅ ወይስ ደመወዙ ላይ ጨምሬ ልናገር? እነሱ ቁጥሬን ሰምተው ዝም ካሉ እኔም ዝም ልበል? እኔ ዝምታ ሲበዛ ራሴ መቀነስ እጀምራለሁ፤ ሰኞ ገበያ አብረን ስንሄድ አይተሽኛል። ከፍ አድርገሽ ንገሪኝ፤ ከፍ ሲል ያበደርሽውም ቶሎ ይመለስልሻል። ግን የማፍርበትን ያህል ከፍ አታድርጊው። ወይም አድርጊው፣ ላፍር። ብቻ ቁጥሩ ከአንቺ አፍ ይምጣ፤ እኔ የጻፍኩትን ሁሉ እየሰረዝኩ ነው፣ ከዚህ ወረቀት በፊት የቀደድኩትም በቁጥር የተሞላ ነበር።

ትንሹ አሁን ተሽሎታል፤ ትኩሳቱ በበነጋው ለቀቀው። ስለ እናትሽ ጤና፣ ስለ አዲሷ ልጅ፣ ስለ ቤቱ በረጅሙ ጻፊልኝ፤ ያ ሁሉ ከሐሙስ በኋላ ይደርሳል።

ረቡዕ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪልኝ። ከዚያ በፊት ስልኩ በትልቋ እጅ ነው። እሷ ካነሳችው ቁጥሩን እንዳትነግሪያት፤ በማግሥቱ አስተማሪዋም ጎረቤቱም ያውቁታል።

ወዳጅሽ፣
ያው እኔው ነኝ