ስላልተገለጠችው አሥረኛ ካርታ የቀረበ ቅሬታ

ባሕር ዳር

ለታሮት ንባብ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ያልተሟላ አገልግሎት፣ ያልተፈጸመ ቃልና የ1,500 ብር ተመላሽ

እንደምን ሰነበቱ። ሦስት ጊዜ በስልክ፣ ሁለት ጊዜ በአካል ያስረዳሁትን እንደገና ከሥሩ አልተርክም፤ መዝገባችሁ ላይ አለ። ባጭሩ፦ ቅዳሜ ዕለት ለታሮት፣ ማለትም በሥዕል ካርታዎች ለሚደረግ ንባብ፣ ከፍዬ አንባቢዋ አሥረኛዋን ካርታ ሳትገልጥ ተነሣች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የትናንቱ ስልክ ነው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደውዬ «የቅዳሜው ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ብዬ ጠየቅሁ። የእንግዳ መቀበያዋ መልስ ቃል በቃል ይህ ነበር፦ «ካርታው ያለውን ነው የነገረችሽ፤ እኛ ምን እናድርግ? ደግሞ ይኼ ከጥንት ግብፅ የመጣ ነገር ነው፣ አይጠየቅም።» አንቺ መባሌን ልለፈው። ከእርስዎ ጋር እንድታገናኘኝ ስለምናት «ሲስተም የለም» ብላ ዘጋችው። ለ78 የታሮት ካርታ ምን ዓይነት ሲስተም እንደሚያስፈልግ ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ካርታ አይናገርም። የሚናገረው አንባቢው ነው፤ ለተነገረውም ተጠያቂው እሱና የቀጠረው ድርጅት ናቸው። የግብፁን ነገር ደግሞ ለሠራተኞቻችሁ ንገሯቸው፦ ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ከግብፅ መጣ የሚለውን በ1781 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኩር ደ ዠብላን ሲሆን፣ ያን ጊዜ የጥንት ግብፅን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን የጽሑፉን ምስጢር የፈታው በ1822 እ.ኤ.አ. ነው። እንኳን ከግብፅ አልመጣ፣ ቢመጣስ ደንበኛ ጥያቄ አይጠይቅም ማለት ነው?

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። የዋጋ ዝርዝራችሁ «ኬልቲክ ክሮስ፣ 10 ካርታ፣ 60 ደቂቃ፣ 1,500 ብር» ይላል፤ ኬልቲክ ክሮስ አሥር ካርታ ዘርግቶ እያንዳንዱን እንደ ቦታው የማንበቢያ መንገድ ነው። አንባቢዋ ዘጠኙን ገልጣ፣ ገና 25 ደቂቃ ሳይሞላ፣ አሥረኛዋ ላይ መዳፏን ጫነችባት። ዘጠነኛው ቦታ ላይ 13 ቁጥር፣ ሞት የሚባለው ወጥቶ ነበር። «ዓይነ ጥላ አለብሽ፤ ከቤታችሁ ሬሳ ይወጣል። ይቺን ከመግለጤ በፊት ዓይነ ጥላው መገፈፍ አለበት፤ መግፈፊያው 3,500 ብር ነው» አለች። አልከፍልም ስል ካርታውን ሰብስባ ተነሣች።

በዚህ አዘረጋግ ዘጠነኛው ቦታ የጠያቂውን ተስፋና ፍርሃት ያሳያል፤ ውጤቱ የሚነበበው አሥረኛው ላይ ነው። ፍርሃትን እንደ ውጤት ማንበብ ጀማሪ እንኳ የማይሳሳተው ነገር ነው። ሥዕሉንም ቢሆን ልብ ብሎ ማየት ነበረባት። እናንተ የምትጠቀሙበት በ1909 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው ካርታ ነው፤ ጥሩር የለበሰ አፅም ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፣ ከበስተኋላው ግን በሁለት ማማዎች መካከል ፀሐይ ትታያለች። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች የአንድ ነገር ማብቂያና የሌላው መጀመሪያ አድርገው ነው የሚያነቡት። የሰው ሞት፣ የበሽታ ምርመራ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከካርታ አይነገርም፤ ሥራውን የሚያከብር አንባቢ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት ወደ ሐኪም ወይም ወደ ጠበቃ ይመራል። አስፈራርቶ መድኃኒቱን መሸጥ ደግሞ የሙያ ስህተት አይባልም፣ ማጭበርበር ነው። በራሪ ወረቀታችሁ «ጥንቆላ አይደለም፤ ራስን መመልከቻ ነው» ይላል። ዓይነ ጥላ መግፈፍ የትኛው ነው?

እርስዎ በዚያው ምሽት ደውለው «ሐሙስ 10 ሰዓት ይምጡ፤ አሥረኛዋን ያለ ክፍያ ትገልጥልዎታለች» አሉኝ። ከዓባይ ማዶ በባጃጅ መጥቼ የተዘጋ በር ጠበቀኝ። ዘበኛው «ዘጌ ሄደዋል» አለ። ዘጌ የሚያስኬድ ነገር አይጠፋም፤ መደወል ግን ይቻል ነበር።

በኋላ ሳስበው ቃሉ ራሱ ባዶ ነበር። ካርታው ተሰብስቧል፣ ተበውዟል። የቅዳሜዋ አሥረኛ ካርታ ከቀሩት 77 ጋር ተቀላቅላለች፤ ሐሙስ ቢገለጥም የሚገለጠው ሌላ ነው። ንባብ የሚቋረጥ ከሆነ ካርታው ሳይነሣ አሥረኛዋን ገልጦ፣ ቀና ትሁን ተዘቅዝቃ የወጣች ከነቦታዋ መመዝገብ፣ ወይም በጠያቂው ፈቃድ የተዘረጋውን እንዳለ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው እንዴት «ሐሙስ ይምጡ» ይላል? የእናንተ ቀጠሮ እንደ ጣና እምቦጭ ሆኗል፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው ይበቅላል።

ከተነሣ አይቀር፦ የንባብ ክፍሉ በር ክፍት ስለነበር ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ጥያቄዬን ሰምተዋል። አንባቢዋ ሳልጠይቃት የእህቴ ባል ከሌላ ሴት ጋር ነው ወይ የሚለውን ልታይ ፈልጋ ነበር። በሌለበት፣ ሳይፈቅድ የሰው ጓዳ አይነበብም። ካርታውን የበወዘችው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከእኔ በፊት የነበረው ደንበኛ ካርታዎች ተያይዘው ሳይቀሩ አልቀሩም። ሻይ በነፃ ተብሎ 60 ብር ተጠይቄአለሁ። ደረሰኝ እስከ ዛሬ አላየሁም።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ካርታዋ እንድትገለጥ ብቻ ነበር። አሁን 1,500 ብሩና የሻዩ 60 ብር በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲመለስ፣ አንባቢዋም ስለ «ሬሳው» በጽሑፍ ይቅርታ እንድትጠይቅ እፈልጋለሁ። እንዲሁም ከተለጠፈው ዋጋ ሌላ እንደማይጠየቅ፣ ስለ ሞትና ስለ ሕመም እንደማይነበብ መግቢያው ላይ በትልቁ ይጻፍ። ይህ ካልሆነ ጉዳዩን ከነበራሪ ወረቀታችሁ ለከተማው ንግድ መምሪያ አቀርባለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ደረሰኝም ስለ አሳሳች ማስታወቂያም የሚለው አለው።

መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ በስልክ ከመቀበያዋ ጋር መነጋገሩ ይብቃኝ። ብሩን በከፈልኩበት በቴሌብር መልሱልኝ። ሌላ ካርታ ግን እንዳትገልጡልኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቅዳሜ ከሰዓት በኋላዋ ደንበኛችሁ