ወንድምሽ ፈንጂ ሥራ ልግባ ካለ

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም?

መልእክትሽ ሲገባ ቁጥሩን አላወቅኩትም። ስምሽን ሳነብ ግን ካምፑ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። አንቺ ባንክ ገብተሽ፣ አግብተሽ፣ ወልደሽ! እኔ እዚሁ ድንጋይ ላይ አለሁ። ለምን እንደተጠፋፋን አንመርምረው፤ ኑሮ ነው። ወደ ጥያቄሽ ልግባ።

ወንድምሽ በማይኒንግ ተመርቆ "ብላስቲንግ ልግባ"፣ ድንጋይ በፈንጂ ማፍረስ ማለት ነው፣ እያለ እናትሽን እንቅልፍ ነሳት አልሽኝ። የኔም እናት እንደዚያው ነበረች። ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ደህና መሆኗ እስኪሰማ ሰፈሩ ሁሉ አልተኛም። እማዬ ደወለችና "ያ የፈነዳው ነገር አንቺ የምትሠሪበት ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት? እውነት ነው። አሞኒየም ናይትሬት ነው። እኛም ድንጋይ በምናወጣበት ካባ ላይ ከነዳጅ ጋር ተደባልቆ "አንፎ" ሲባል በብዛት የምንጠቀመው እሱኑ ነው። ቤይሩት ግን ወደ 2,750 ቶን የሚሆን ከተማ ውስጥ፣ ወደብ ላይ፣ ለስድስት ዓመት ያህል ተከማችቶ ተቀመጠ። እኛ ጋ አንዲት ዲቶኔተር፣ ፈንጂውን የምትቀሰቅሰው ትንሿ ዕቃ፣ ከመዝገብ ከጎደለች እራት የሚበላ የለም። ዲቶኔተርና ፈንጂ አንድ መጋዘን አያድሩም፣ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ አይደለም። ለእናትሽ ይህን ንገሪያት። ለወንድምሽ ደግሞ የሥራው ግማሽ መዝገብ መሙላት መሆኑን ንገሪው።

እኔ ያለሁት ሙገር በኩል፣ የሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ካባ ላይ ነው። ስመጣ ለወራት ፈንጂ አላስነኩኝም። ሜትር ይዤ ፈንጂ የሚሞላበትን ጉድጓድ ስለካ ዋልኩ። ድሪሉ፣ መሰርሰሪያው ማሽን፣ በረድፍ ይበሳል፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ጥልቀቱን እለካለሁ፣ ውሃ እንዳለ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ግን አዲስ ልጅ ሲመጣ እኔም የምሰጠው ያንኑ ሜትር ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የኖራ ድንጋይ ውስጡ ባዶ ቦታ ይበዛዋል። ዘመን ያስቆጠረ ውሃ የበላው ዋሻ ማለት ነው፤ ግቢ እያለን የተማርነውን ታስታውሻለሽ። ድሪሉ ድንገት ዘፍ ካለ ኦፕሬተሩ ያውቀዋል። እሱ ካልነገረሽና ካልጻፍሽው፣ ስትሞዪ ፈንጂው ዋሻው ውስጥ ይፈሳል። ጉድጓዱ አልሞላ ይላል፣ ያላወቀ ሰው ይጨምራል። ከዚያ ድንጋይ እንደ ወንጭፍ ተወርውሮ ማንም ይደርሳል ያላለው ቦታ ይወድቃል። ስለዚህ ምን ያህል ፈንጂ እንደገባና ጉድጓዱ እስከ የት እንደሞላ እያነጻጸርሽ ነው የምትሄጂው። ካልገጠመ ታቆሚያለሽ። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አንፎ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ ለረጠበው ጉድጓድ ውሃ የሚቋቋም ኢመልሽን የሚባል ፈንጂ ያስፈልጋል። ነጎድጓድ ከሰማን ጥለን እንወርዳለን። መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ሰው አንድ ትልቅ "ቡም" ነው የሚመስለው። አይደለም። እያንዳንዱ ጉድጓድ በሚሊ ሰከንድ ልዩነት ተራ በተራ ነው የሚፈነዳው። የፊተኛው ረድፍ ድንጋዩን ገፍቶ ለኋለኛው ቦታ ይለቅለታል። ሁሉም ባንዴ ቢፈነዳ ንዝረቱ የገበሬውን ጭቃ ቤት ይሰነጥቃል። እንዲያም ሆኖ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ብሎ የሚመጣ አለ። አንዳንዱ ስንጥቅ ከኛ በፊት የነበረ ነው፣ አንዳንዱ ግን የኛ ነው። እኔ ሄጄ ሳላይ መልስ አልሰጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አካባቢውን ማጽዳት ነው፣ ሰውና ከብት ማስወጣት። ሳይረን ሰምቶ የሚሮጥ ሰው እንዳይመስልሽ። ልጆቹ ሳይረኑን ሲሰሙ ለማየት ይመጣሉ! እረኛው ላሞቹን ይዞ ወጣ ትያለሽ፣ አንዲት ጥጃ ትመለሳለች። ያቺ ጥጃ እስክትወጣ ሁሉም ይጠብቃል። አለቃው ይቆጣል፣ ፋብሪካው ድንጋይ አነሰኝ ይላል። ወንድምሽ እዚህ ጋ "አይሆንም" ማለት የሚችል ልጅ ከሆነ ይምጣ። ይሉኝታ የሚያጠቃው ከሆነ ሌላ ሥራ ይፈልግ። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው።

ከፈነዳም በኋላ ሮጦ መግባት የለም። ጭሱ ብርቱካናማ ከሆነ መርዝ ነው፣ ጨርሶ እስኪሄድ ርቆ መቆም ነው። ከዚያ አለቃችን ብቻቸውን ገብተው ያልፈነዳ መኖሩን ያያሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከጥንት የድማሚት ዘመን የቀሩ። በባዶ እጃቸው ድማሚት ሲነኩ ይውሉና ማታ ራሳቸውን ፍልጥ ያደርጋቸው እንደነበር ያወራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ውስጡ ያለው ናይትሮግሊሰሪን በቆዳ ገብቶ የደም ሥር ይከፍታል። ያው ነገር ለልብ ሕመምተኛ መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል። ኖቤል ራሱ፣ ድማሚትን በ1867 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስደረገው ሰውዬ፣ በእርጅናው ሐኪሞች ለልቡ እሱኑ አዘዙለት። አለቃችን ይህን ስነግራቸው "እኔ ታዲያ በነጻ ስታከም ኖሬያለሁ" አሉኝ።

ስለ ሴትነቴ ጠይቀሽኝ ነበር። መጀመሪያ ጥበቃዎቹ ለቢሮ የመጣሁ እየመሰላቸው ወደ ሂሳብ ክፍል ይመሩኝ ነበር። አሁን ሳይረኑን የማስነፋው እኔ ነኝ። የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ግን ዛሬም አልተፈታም፤ በአካል ስንገናኝ እነግርሻለሁ። ዘመዶቼ ደግሞ ሠርግ በመጣ ቁጥር ርችት ተኩሺልን ይሉኛል። ርችት ሌላ ሙያ ነው ብል የሚሰማኝ የለም።

ደሞዙ ያንቺን ያህል አይሆንም። የካምፕ አበል አለው፣ ምግብና መኝታ አለ፣ ገንዘብ ማጥፊያ ቦታ ስለሌለ ይጠራቀማል። መንገድ ሲዘጋ ፈንጂው በፖሊስ ታጅቦ መምጣት አይችልምና ቁጭ ብለን እንሰነብታለን። ለወጣት ልጅ ይህ ከፍርሃቱ በላይ ይከብዳል፣ በተለይ ኔትወርክ ሲጠፋ።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ድሪል ላይ ረዳት ሆኖ ይግባ፣ ብላስተር እሆናለሁ ብሎ አይምጣ። ድንጋዩን ከድሪሉ ድምፅ መለየት ሲጀምር ሌላው ይከተላል። ክፍት ቦታ እንዳለ እጠይቅለታለሁ። የትምህርት ማስረጃውንና የአሻራ ወረቀቱን ካሁኑ ያዘጋጅ፣ ያለ ፈቃድ ማንም ፈንጂ አያስነካውም። የናይለን ጃኬቱንም እዚያው ይተወው፣ ጥጥ ልብስ ነው የሚያስፈልገው።

ማታ ማታ ይደውልልኝ። ቀን ላይ ስልኬን ካምፕ ትቼ ነው የምወጣው። አንቺም ደውዪ እንጂ፣ የልጅሽን ስም እንኳ አልነገርሽኝም!

ለእማማ ሰላም በዪልኝ።

ጓደኛሽ