«ፍሬን እምቢ አለኝ» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመኪና አደጋ ዜና ስታወጡ «ፍሬን እምቢ ብሎት» የምትል ነገር አትጠፋም። ፍሬን እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ግን ፍሬኑ ደህና ሆኖም መኪናው ላይቆም ይችላል፤ ያጠረው መንገዱ ነው።

የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ቬሎሲቲና አክስለሬሽን ላይ ስንደርስ ጥያቄው ሁሌ «አንድ መኪና ከቆመበት ተነስቶ» ብሎ ይጀምራል። ልጆቹም ቀመሩን ይሸመድዳሉ፣ ቁጥር ያስገባሉ፣ መልሱን አክብበው ያስረክባሉ፤ መኪናው የት ሰፈር እንደሚሄድ፣ ከፊቱ ማን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ይሄ ነገር ሰለቸኝና ክፍሉን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ።

በሜትር 20 ሜትር ለካን። በአንዱ ጫፍ በጠመኔ አሰመርን፣ በሌላው ጫፍ አንዲት ተማሪ ቆመች። እሷ ዜብራ ላይ ያለች እግረኛ ናት አልን።

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው (ለ3.6 ማካፈል ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም)። ሾፌሩ አይቷት ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በዚያች ሰከንድ 10 ሜትር ሄዷል። ከዚያ ፍሬኑ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ በ2 ሰከንድ ያቆመዋል። ከ10 ወደ 0 ሲወርድ አማካይ ፍጥነቱ 5 ስለሆነ፣ በነዚያ 2 ሰከንዶች ሌላ 10 ሜትር ይበላል። 10 እና 10፣ 20። ጫማዋ ስር ደርሶ ቆመ።

አሁን 72 አድርጉት፣ በሰከንድ 20 ሜትር። እግሩ ፍሬኑ ላይ ሳያርፍ 20 ሜትሩ አልቋል። ልጅቷ ጋ የደረሰው በሙሉ 72 ነው። ይሄን ጮክ ብለን ስናሰላ ቆማ የነበረችው ተማሪ ማንም ሳይነግራት ፈቀቅ አለች።

እኔን ራሴን ያስደነገጠኝ ግን መሃል ላይ ያለው ነው። አንድ ልጅ «54 ቢሆንስ?» አለ። በሰከንድ 15 ሜትር መሆኑ ነው፤ በመጀመሪያዋ ሰከንድ 15ቱ ያልቃል፣ ለፍሬን 5 ሜትር ይቀራል። የ15 ካሬ 225 ነው፣ ከዚያ ላይ 2 ሲባዛ በ5 (ፍሬኑ በየሰከንዱ የሚቀንሰው ፍጥነት) ሲባዛ በ5 (የቀረው ሜትር) ቀንሱ፣ 175፣ ስኩዌር ሩቱ 13.2 ገደማ። ወደ ኪሎ ሜትር ስንመልሰው በሰዓት 48 ገደማ ሆኖ ነው የሚገጫት። በ36 ቢሄድ ኖሮ እኮ ቆሞላት ነበር!

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ከ10 ሜትር ወደ 40። ክረምት ላይ አስፋልቱ ረጥቦ ፍሬኑ በግማሽ ቢደክም ደግሞ 40ው 80 ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የመኪናውን ክፍሎችና የመንገድ ምልክቶችን በቃሌ አስጠንተውኛል፣ ይሄን ስሌት ግን አንድም ሰው ቁጭ አድርጎ አላሳየኝም። የሰው ነፍስ የሚያተርፈው እኮ እሱ ነው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለውን የአደጋ ዜና ስትሠሩ፣ መኪናው በስንት ይሄድ እንደነበርና እግረኛው ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ ትራፊክ ፖሊሱን ጠይቁልን። ሁለቱን ቁጥሮች አትሙልን እንጂ የቀረውን ተማሪዎቼ ያሰሉታል።

የፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ