በላይነህ ዴንሳሞ በየትኛው ግድግዳ ላይ ይሳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የምኖረው ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ነው። ጎህ ሲቀድ ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስወጣ በጎጃም መንገድ ዳር ከሚሮጡት ወጣቶች ጋር የማንገናኝበት ቀን የለም፤ ስለዚህም በሰፈራችን ስለ ሩጫ የማይከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እንዲሁ ያለ ክርክር ነው። ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት የፊት አጥሩን አሳድሶና ኖራ ቀብቶ የታላላቅ አትሌቶቻችንን ምስል ሊያስልበት ተዘጋጅቷል። ማን ይሳል የሚለው ጥያቄ ግን እኔም አባል የሆንኩበትን የወላጆች ኮሚቴ ሦስት ስብሰባ አስቀምጦ፣ በመጨረሻ በአብላጫ ድምፅ አንድ መስፈርት ጸደቀ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው በፊተኛው አጥር ላይ ይሳላል፣ የሌሎቹ ስም ደግሞ በጓሮ በር በኩል በሚሰቀል ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

በዚህ መስፈርት የሚያልፉት ሰባት ናቸው፦ አበበ ቢቂላ፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ እና መሠረት ደፋር። ከሰባቱ አንዱም ይቅር የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልልም። የምቃወመው እንደ ማራቶን ሯጩ በላይነህ ዴንሳሞ ያሉት የሚጻፉበትን የጓሮውን ሰሌዳ ነው።

ለምን እንደምቃወም ለማስረዳት ከአገራችን ውጭ ያየሁትን ልናገር። በአሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት የሥራ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ጥር ላይ በዱላ ኳስ የሚመታበት የቤዝቦል ጨዋታ ታላላቆች የሚታሰቡበት የክብር አዳራሽ ምርጫ ውጤት ሲነገር ምሳቸውን ትተው ይሟገቱ ነበር። ጨዋታውን በቅጡ ለመረዳት ጊዜ ቢወስድብኝም ሙግቱ ግን ወዲያው ገባኝ፤ የእኛው የአበበና የማሞ፣ የኃይሌና የቀነኒሳ ክርክር ነው። አዳራሹ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አምስት ተጫዋቾች የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ተጫዋች ለምርጫ ለመቅረብ ቢያንስ አሥር የውድድር ዘመን መጫወትና ጨዋታ ካቆመ አምስት ዓመት ማለፍ ይኖርበታል፤ ድምፅ የሚሰጡት በሙያው የቆዩ የስፖርት ጸሐፊዎች ናቸው፤ ለመግባት ደግሞ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ቁጥር ብቻውን እንደማያስገባም በደንባቸው ላይ ሰፍሯል፤ የተጫዋቹ ታማኝነትና ጠባይም ይመዘናል። ባሪ ቦንድስ ኳሷን ከሜዳ ውጭ በመምታት 762 ጊዜ የተሳካለት፣ በዚህም ከሁሉ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ሆኖም በአበረታች መድኃኒት በመጠርጠሩ እ.ኤ.አ. በ2022 በጸሐፊዎቹ ምርጫ በነበረው የመጨረሻ ዕድሉ 66 በመቶ አግኝቶ ቀርቷል። ባልደረቦቼ በዚህ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ እኔ አይግባ ካሉት ጋር ነኝ፣ ዛሬም ያው ነኝ።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን የጥቁር ተጫዋቾች ጉዳይ ነው። እስከ 1947 ድረስ በትልቁ ሊግ እንዳይጫወቱ በሩ ተዘግቶባቸው ስለነበር ለብቻቸው ባቋቋሟቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር፤ የትልቁ ሊግ መዝገብ ሲገለጥ ታዲያ እስከ 2024 ድረስ የአብዛኞቹ ስም አልነበረም። ሳቸል ፔጅ የተባለው ድንቅ ኳስ ወርዋሪ በ1971 ሲመረጥ መጀመሪያ የታሰበው እርሱና መሰሎቹ በሙዚየሙ ውስጥ ለብቻው በተለየ ክፍል እንዲታሰቡ ነበር። ሕዝቡ ይህ ሁለተኛ መድልዎ ነው ብሎ ስለተቆጣ ሐሳቡ ተለወጠና ፔጅ ከሌሎቹ እኩል ገባ። ባክ ኦኒል ደግሞ አለ፤ ተጫዋችም አሰልጣኝም የነበረ፣ የእነዚያን ሊጎች ታሪክ እየዞረ በማስተማር ያረጀ ሰው ነው። በ2006 ከጥቁሮች ቤዝቦል 17 ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲመረጡ እርሱ ቀረ፤ ቢቀርም በበዓሉ ላይ ተገኝቶ ስለ ተመረጡት ንግግር አደረገ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይም በ94 ዓመቱ አረፈ። የመረጡት ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

በስብሰባው ላይ የጓሮው ሰሌዳ ሲነሳ የመጣልኝ የፔጅ ክፍል ነበር። የእኛን አትሌቶች ብንመለከት በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ያንን ሰዓት ከአሥር ዓመት በላይ ማንም አላሻሻለውም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሴኡል ኦሊምፒክ ተካሄደ፤ ኢትዮጵያ ግን አልተሳተፈችም። ከአራት ዓመት በፊትም ወደ ሎስ አንጀለስ አልሄደችም ነበር። የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ ቤቱ ቁጭ ብሎ ውድድሩ ሲያልፈው፣ ዛሬ እኛ የኦሊምፒክ ወርቅህ የት አለ ብለን በጓሮ በር እንድናስገባው ነው የተወሰነው። ምሩፅ ራሱ በ1976 አፍሪካውያን ከሞንትሪያል ሲወጡ ቀርቶ፣ ሞስኮ እስኪደርስ አራት ዓመት ባይጸና ኖሮ በእኛ መስፈርት ከጓሮው ሰሌዳ በላይ አይደርስም ነበር።

ማሞ ወልዴም አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ የነበረ፣ ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ የወጣ፣ ሜክሲኮ ላይ በዚሁ ርቀት ብር ካገኘ በኋላ አበበ አቋርጦ በወጣበት ማራቶን ወርቁን ለአገሩ ያስቀረ፣ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ የጨመረ ሰው ነው። ወርቁ አንድ ስለሆነ በመስፈርታችን ወድቋል። ፋጡማ ሮባም እንዲሁ፤ አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት መሆኗና ቦስተንን ሦስት ዓመት በተከታታይ መውሰዷ አልተቆጠረላትም።

በስብሰባው አንድ ወንድሜ «ለሁሉም ከፍተን ግድግዳው ይበቃል?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁሉም ይሳል አላልኩም። ስለሺ ስህንን እጅግ እወደዋለሁ፤ አቴንስ ላይ ከቀነኒሳ ጋር ሆነው ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን ደጋግመው ዞር እያሉ ሲፈልጉ ያየሁበት ውድድር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ሁለቱም የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቹ ግን ብር ናቸው፤ ድምፅ ብሰጥ ለእርሱ ከመስጠቴ በፊት ብዙ አስባለሁ። ስለ በላይነህና ስለ ማሞ ግን አላመነታም።

ስለዚህ ለኮሚቴያችንም፣ በሌሎች ከተሞች ተመሳሳይ ሥራ ለጀመሩትም የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የወርቅ ቁጥር እንደ አንድ ማስረጃ ይታይ፤ አትሌቱ ሳይወዳደር የቀረው በራሱ ድክመት ነው ወይስ አገሩ ስላልሄደች የሚለው አብሮ ይጠየቅ፤ ከኮሚቴው አባላት ከአራቱ ሦስቱ የተስማሙበት ሰው ከሌሎቹ ጎን፣ በዚያው አጥር ላይ፣ በእኩል መጠን ይሳል። የጓሮው ሰሌዳ ጨርሶ ይቅር።

ሠዓሊው ሥራውን የሚጀምረው ኖራው ሲደርቅ ነው ተብለናል። አጥሩን ትናንት በእርምጃ ለካሁት፤ ለሰባቱ ምስል ከተተወው ቦታ ወዲያ እስከ ዘበኛው ቤት ድረስ ሌላ ሦስት ሰው በሰፊው የሚያስቆም ባዶ ግድግዳ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የወላጆች ኮሚቴ አባል፣ ከሱሉልታ