ይድረስ ለአዘጋጁ፦ ለትንሹም ባቡር ሁለት ሽቦ አይበቃውም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡና ጋር ነው የማነበው፣ ባለፈው ግን ቡናው ትን ሊለኝ ነበር። የትርፍ ጊዜ ዓምዳችሁ ላይ ለልጆች ቤት ውስጥ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር እንዴት እንደሚገጠም ጽፋችኋል አይደል፣ ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ከልጆቹ በላይ እኔ ነኝ ደስ ያለኝ፣ ግን ሁለት ነገር ዝም ብዬ ላልፍ አልቻልኩም። አንዱ «ሁለት ሽቦ ከሀዲዱ ጋር ካያያዛችሁ በቃ» የሚለው ነው፣ ሌላው ደሞ «ቤት ያለ ማንኛውም አሮጌ ቻርጀር ይሆናል» የሚለው። የመጀመሪያው ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሁለተኛው ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ከሁለተኛው ልጀምር።

የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ነው፣ በዛ ባቡሩ ቢበዛ እዛው ቆሞ ያቃስታል እንጂ ጉዳት የለውም። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን 19 ቮልት ገደማ ነው፣ 3 እና 4 አምፔር ይለቃል። እነዚህ ትንንሽ ባቡሮች የሚፈልጉት 12 ቮልት ዲሲ ነው፣ የኔው ሎኮሞቲቭ እየሄደ ግማሽ አምፔር እንኳን አይበላም። አሁን ባቡሩ ከሀዲድ ወጣ በሉ፣ ልጆች ካሉ መውጣቱ አይቀርም፣ የብረት ጎማው ሁለቱን ሀዲድ በአንዴ ነካ ማለት ሾርት ነው። ሙሉ ሾርት ከሆነ ቻርጀሩ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፣ ነካ ለቀቅ የሚያደርግ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ይገፋል። 19 በ4 ስታባዙት 76 ዋት ነው፣ እኔ ሽቦ ለማጣበቅ ሌድ የማቀልጥበት ካውያ 60 ዋት ነው እኮ! ያ ሁሉ ሙቀት አንዲት የጎማ ጫፍ ላይ ሲያርፍ የሀዲዱ ፕላስቲክ ምን እንደሚሆን ገምቱት። የዋይፋይ ሳጥን 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ መሀል ላይ የ1 አምፔር ፊውዝ አስገቡበት፣ ከሱ ቀጥሎ የዲሲ ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ርካሽ ነው፣ እሱ ራሱ ላይ ፍጥነቱን ማዞሪያ አለው። ደሞ 220ው ወደ ጠረጴዛው በጭራሽ እንዳይመጣ፣ ግድግዳው ጋ ይቅር፣ ወደ ሀዲዱ የሚመጣው 12 ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ሽቦው። መጀመሪያ ግን እኔ ማነኝ ብዬ ነው የማስተምራችሁ? ኢንጂነር አይደለሁም፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ ነው ያደግኩት፣ አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፣ እጁ ሁሌ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ አይደለች እንዴ፣ ባቡሩ ወደ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ተራራው እምቢ ሲል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማዋም እዛው ተቆረቆረች፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የሚሏት። ከዛ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ 15 ዓመት ፈጀ፣ በ1917 ነው የደረሰው። ይሄን የማነሳው ባለቤቴ «የአንተ ሁለት ሜትር ባቡር ሦስት ዓመት ፈጀ» እያለች ስለምታሾፍብኝ ነው፣ እነሱም 15 ዓመት ፈጅተዋል እላታለሁ።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ቦታ የለም፣ ስለዚህ 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ኮምፔንሳቶ ከስር በሞራሌ አስደግፌ ከአልጋ በላይ በገመድ እስቅለዋለሁ፣ ሲያስፈልግ ይወርዳል። የምሠራው የድሬዳዋን ጣቢያ ነው፣ በ1 ለ87 ልኬት። እዚህ ላይ ለጀማሪ አንድ ነገር ልበል፣ ሀዲድ ስትገዙ መጀመሪያ የትኛውን ባቡር ነው የምሠራው በሉ። አዲሱ የጅቡቲ መስመር የሀዲዱ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው፣ ይሄ በ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል፣ ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ሀዲድ እሱ ነው። አሮጌው የኛ ባቡር ግን ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፣ ለሱ 12 ሚሊሜትሩ ነው የሚሆነው። 12ቱ ደሞ በብዛት የሚሠራው ለስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮች ነው፣ እህቴ ከጀርመን በሻንጣ ነው ያመጣችልኝ። ለምኒልክ ባቡሩን ያሰበው አልፍሬድ ኢልግ ስዊዛዊ መሆኑን ሳስብ የሰውየው አገር ሀዲድ መቶ ምናምን ዓመት ቆይቶ እንደገና መጣልን እላለሁ ለብቻዬ። በነገራችን ላይ የአሮጌውን መስመር 784 ኪሎሜትር በሙሉ በዚህ ልኬት ልሥራው ብትሉ 9 ኪሎሜትር ሀዲድ ትፈልጋላችሁ፣ እኔ ጣቢያው ብቻ ይበቃኛል ያልኩት ለዛ ነው።

ሁለት ሽቦ የሚባለውን እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ከናንተ በፊት። ባቡሩ ሽቦው የተያያዘበት ጋ ሲሆን ይበራል፣ ጠረጴዛውን ዞሮ ማዶ ሲደርስ ግን ሽቅብ እንደሚወጣ ሽማግሌ መንፏቀቅ ይጀምርና ቀጥ ይላል። ሞተሩ ነው ብዬ ፈታሁት ዘይት ነካ ነካ አደረግኩ፣ ምንም። ቴስተር አውጥቼ ለካሁ፣ ማዶ ላይም 12 ቮልት! እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት፣ ሁለት ሳምንት። ለካ ቴስተር ሲለካ ምንም ጭነት የለም። የኮንዶሚኒየም ውሃ ታውቃላችሁ አይደል፣ ሁሉም ቧንቧ ሲዘጋ 4ኛ ፎቅ ላይም ግፊት አለ፣ አንድ ሰው ታች ልብስ ማጠብ ሲጀምር ግን ላይ ያለው ጠብ ጠብ ነው። ባቡሩን ማዶ አቁሜ በእጄ ያዝ አድርጌ እየጎተተ እያለ ስለካ 8 ቮልት ተኩል። ሦስት ቮልት ተኩሉ የት ገባ? ሀዲድና ሀዲድ የምታያይዘዋ ቀጭን ቆርቆሮ ውስጥ ነዋ! እሷ አዲስ ሆና ጥሩ ናት፣ ስትቆይ ትላላለች፣ አቧራ ይገባባታል፣ ትዝጋለች፣ በስድስት ሰባት መጋጠሚያ ያለፈ ኃይል ማዶ ሲደርስ ደክሞታል።

መፍትሄው እንደ ቤት መብራት ዝርጋታ ማሰብ ነው። ከጠረጴዛው ስር ዙሪያውን ሁለት ወፍራም ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ እኔ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትሩን ነው የተጠቀምኩት፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሀዲድ፣ እደግመዋለሁ ለእያንዳንዱ፣ በትራፓኖ ቀዳዳ በስቶ በቀጭን 0.5 ሽቦ ከላይ ወደ ታች ማውረድ። ያቺ ቆርቆሮ ከዛ በኋላ ሥራዋ ሀዲዱን ማቅናት ብቻ ይሆናል፣ ኃይል አትሸከምም። እኔ 14 ቁራጭ ነበረኝ፣ 28 ሽቦ ማለት ነው፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሄደብኝ፣ ይኸው ከዛ ወዲህ ባቡሩ ማዶም ወዲህም እኩል ነው የሚሄደው።

ሽቦ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ለኔ አንድ ሱቅ ንጹህ መዳብ ነው ብሎ የሸጠልኝ ሌድ አልይዝ አለኝ፣ ካውያውን ባቀርብ ሌዱ እንደ ውሃ ጠብታ እየተንከባለለ ይወድቃል፣ የኔ እጅ ነው ብዬ ራሴን ስሰድብ ቆየሁ፣ በኋላ በቢላ ፈግፈግ ሳደርገው ከስሩ ነጭ! አሉሚኒየም ነው፣ ላዩን መዳብ የተቀባ። አሉሚኒየም በተለመደው ሌድ አይያዝም፣ ኃይልም እንደ መዳብ አያሳልፍም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ጫፉን ፈግፍጋችሁ እዩት፣ ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርባችሁም።

ሌዱን ስታስይዙ መጀመሪያ የሀዲዱን ውጭኛ ጎን አጽዱና ትንሽ ሌድ ቀቡት፣ የሽቦውንም ጫፍ ቀቡት፣ ከዛ ሁለቱን አገናኝታችሁ ካውያውን ሁለት ሰከንድ ብቻ ነካ። ግራና ቀኙ ላይ እርጥብ ሶፍት አድርጉበት ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ። ካውያው ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ሀዲዱ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ እኔጋ አንድ ቦታ ላይ አሁንም ጎበጥ ያለች አለች፣ ባቡሩ እዛ ሲደርስ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ጎንበስ ይላል።

እና የሠራሁት ትልቁ ሞኝነት ይሄ ነው፣ ከጠረጴዛው ስር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር የማያይዘው፣ ከላይ ግራ የነበረው ከስር ሲታይ ቀኝ ነው አይደል፣ አንዷን ሽቦ ቀዩን ከጥቁሩ አቀያየርኩ። ፊውዙ ጧ። አዲስ አስገባሁ፣ ጧ። 28 ሽቦ ውስጥ አንዷን እንዴት ነው የማገኛት? ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ መጥቶ ቡና ጠጣና «ግማሹን ንቀል» አለኝ። ግማሹን ነቅለህ ሾርቱ ከጠፋ ችግሩ የነቀልከው ውስጥ ነው፣ ካልጠፋ የቀረው ውስጥ ነው፣ ከዛ ደሞ የዛን ግማሽ፣ አራት አምስት ጊዜ ደጋግመህ ታገኛታለህ። በአራተኛው ተገኘች። አሁን ሀዲዱ ላይ ከላይ ሆኜ በማርከር ነጥብ አድርጌበት ነው ወደ ስር የምገባው፣ ደሞ አንድ ሽቦ ባያያዝኩ ቁጥር ቴስተሩን ጢ የሚለው ላይ አድርጌ አያለሁ፣ ጢ ካለ ያሁኗ ናት ጥፋተኛዋ።

አንድ ነገር ዓምዳችሁ ጭራሽ ያልነካው አለ፣ ሀዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ ተመልሶ ሲገጥም። ልጆች ይሄን በጣም ይወዱታል፣ ባቡሩ ይሄድና ዞሮ በዛው መስመር ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። እውነተኛው ባቡር ይሄ ችግር የለበትም፣ አዲሱም የጅቡቲ ባቡር የአዲስ አበባውም ቀላል ባቡር ኃይሉን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው የሚወስደው፣ ሀዲዱ መመለሻ ብቻ ነው። የኛ ግን አንዱ ሀዲድ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ ነው። በጣታችሁ የግራውን ሀዲድ ይዛችሁ ዙሩን ተከተሉት፣ ሲመለስ ከቀኙ ጋር ነው የሚገጥመው፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተሳሳሙ ማለት ነው፣ ባቡር ሳታስቀምጡበት ሾርት። ዙሩን መግቢያውም መውጫውም ላይ ሁለቱንም ሀዲድ ቆርጣችሁ በፕላስቲክ መጋጠሚያ አያይዙ፣ የተቆረጠው ክፍል ከባቡሩ ይርዘም፣ ለሱ ለብቻው ኃይል ስጡት። ዋናው መስመር ደሞ ባለ ስድስት እግር ማብሪያ በኩል ይለፍ፣ ማብሪያዋ ስትገለበጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቦታ ይቀያየራሉ። ባቡሩ ዙሩ ውስጥ እያለ ትገለብጧታላችሁ፣ ሲወጣ ዋናው መስመር ተስተካክሎ ይጠብቀዋል። ከረሳችሁ ፊውዝ። (ዲጂታል የሚባለው አለ፣ ባቡሮቹ በየራሳቸው ቁጥር የሚታዘዙበት፣ እሱ ላይ ይሄን በራሱ የሚገለብጥ ዕቃ ይሸጣል፣ ግን ዋጋው ሌላ ነው፣ ለልጅ ጀማሪ በ12 ቮልቱ ይጀምር።)

ማስዋቡ ላይ ብዙ አልልም፣ እሱን ጥሩ ጽፋችሁታል። የኔ አሸዋ ከድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ነው የመጣው፣ የአጎቴ ልጅ በሃይላንድ ላከልኝ፣ አጥቤ አድርቄ በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። ከዛ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልዬ አሸዋው ውስጥ ሳዞረው ጥቁር ጥቁር ደቃቅ ነገር ጢም መስሎ ተለጠፈበት፣ ብረት ያለበት አሸዋ ነው፣ ይሄ ሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ላይ ቢለጠፍ ባቡሩ አለቀለት። የትም አገር አሸዋ ብትጠቀሙ ማግኔት ሳታዞሩበት ሀዲድ አጠገብ እንዳታፈሱ። ማጣበቂያው ኮላ በውሃ ቀጥኖ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው፣ ሳሙናው ከሌለ ኮላው አሸዋው ውስጥ አይሰርግም፣ ላይ ላዩን ይንከባለላል።

እርማቱን ለቀጣዩ ቅዳሜ ብታወጡት ደስ ይለኛል፣ በተለይ የቻርጀሩን፣ የዛን ዓምድ ገጽ ቆርጦ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ልጅ ይኖራል።

በዛውም ለአንባቢዎቻችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ አባቴን የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል። ድሬዳዋ ወርክሾፕ የሠራችሁ አባቶች፣ ባቡሩ ከወርክሾፑ ወደ ጣቢያው ሲወጣ የመጀመሪያው የሀዲድ መቀየሪያ ወደ ግራ ነበር የሚከፈለው ወይስ ወደ ቀኝ? እኔ በልጅነቴ ያየሁት ግራ ይመስለኛል፣ ወንድሜ ቀኝ ነው ብሎ ይምላል። የድሮ ፎቶም ያለው ካለ በጋዜጣው በኩል ቢልክልኝ። እዛ ቦታ ላይ ኮላ ገና አላፈሰስኩም።

የከዚራው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ