ኮከቡን ቆጠራችሁ፣ ሰዓቱንስ?

ይድረስ ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የኮሌጅ ፉትቦል (ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት የአሜሪካ ፉትቦል) ጽሑፎቻችሁን ሳላነብ የማላልፍ ሰው ነኝ። የምኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ነው። ጆርጂያ እየኖሩ ይህን ጨዋታ አላውቅም ማለት አይቻልም። ባልደረባህም፣ ጎረቤትህም፣ የልጅህ አስተማሪም ሰኞ ጠዋት የሚያወሩት ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቡድኖች የተሰጥኦ ደረጃ ባወጣችሁት ጽሑፍ ነው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስንት ባለ አምስት ኮከብና ስንት ባለ አራት ኮከብ ልጅ እንዳለው ዘርዝራችኋል፤ ኮከብ ማለት ልጁ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የሚሰጠው የችሎታ ደረጃ ነው፣ አምስት ከፍተኛው። ከዚያ ተነስታችሁ ማን ማንን ማሸነፍ እንደሚገባው ወሰናችሁ። በኮከብ የሚበልጠው ሲሸነፍ ደግሞ «ያልተጠበቀ ውጤት» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ያልተጠበቀ ከምትሉት ውስጥ ቀላል የማይባለው የሚበላሸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ነው። እዚያ ላይ የሚፈተነው የልጆቹ ጉልበት ሳይሆን የአሰልጣኙ ጭንቅላት ነው። እናንተ ግን ስለ ሰዓት አንድም ቀን ጽፋችሁ አላየሁም።

ኮከብ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እንደ 247ስፖርትስ ያሉ ድረ ገጾች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያዩ ደረጃ ይሰጣሉ፤ ሥራቸውንም በደንብ ያውቁታል። ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን ከመለመላቸው ልጆች ከግማሽ በላዩ ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከብ መሆን አለባቸው የሚል የታወቀ መለኪያም አለ። መለኪያው ለዓመታት ሠርቷል። አላባማ፣ ጆርጂያና ኦሃዮ ስቴት ዋንጫውን የተቀባበሉት በዕድል አይደለም። በ2024 ኦሃዮ ስቴት ለተጫዋቾቹ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደተደረገ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ራሳቸው ተናግረዋል። ያ ቡድን በኦሪገን በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸነፈ። እንዲያም ሆኖ ጥር ላይ እዚሁ አትላንታ መጥቶ ኖተርዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ገንዘቡና ኮከቡ የሚገዙት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቀህም ሦስተኛ ዕድል ታገኛለህ።

ግን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን አስታውሱ። በ2022 የመለመላቸው ልጆች በ247ስፖርትስ ታሪክ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኙ ነበሩ። ስምንት ባለ አምስት ኮከብ ልጆች በአንድ ዓመት! መስከረም ላይ ግን በገዛ ሜዳቸው በአፓላቺያን ስቴት 17 ለ 14 ተሸነፉ። ዓመቱን የጨረሱት በአምስት ድልና በሰባት ሽንፈት ነው። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ አሰልጣኙ ጂምቦ ፊሸር ሲሰናበቱ ውላቸውን ለመጨረስ የሚከፈላቸው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እኛ ከሥራ ስንባረር የሁለት ሳምንት ደሞዝ ካገኘን ተመስገን ነው።

ከዚያ ኢንዲያና መጣ። በጨዋታው ታሪክ ብዙ በመሸነፍ የሚታወቅ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከርት ሲግኔቲ በ2024 ቡድኑን ሲረከቡ ከቀድሞ ቡድናቸው ከጄምስ ማዲሰን ያሠለጠኗቸውን ልጆች ይዘው መጡ፤ የቀረውን ከትራንስፈር ፖርታል (ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ከሚመዘገቡበት ዝርዝር) ለቀሙ። በ2025 የውድድር ዓመት 16 ጨዋታ ተጫውተው 16ቱንም አሸነፉ። በሊጋቸው በቢግ ቴን ፍጻሜ ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10፣ በሀገር አቀፍ ፍጻሜ ማያሚን 27 ለ 21። ኳርተርባኩ (ጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ልጅ) ፈርናንዶ ሜንዶዛ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ሽልማት ወሰደ። ልጁ ያደገው ማያሚ ነው። የከተማው ዩኒቨርሲቲ ግን ስኮላርሺፕ አልሰጠውም ነበር።

ከዚህ የምረዳው ቀላል ነገር ነው። ኮከብ የሚሰጠው ልጁ 17 ዓመት ሲሆነው ነው። ዋንጫ የሚነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ በ22 እና በ23 ዓመት ልጆች ነው። በመሃል ልጁ ያድጋል ወይም ይጎዳል፤ አለዚያም ተምሮ ሌላ ሰው ይሆናል። አሁን ደግሞ ፖርታሉ ስላለ በየዓመቱ ቤት ይቀይራል። በነገራችን ላይ፣ በእኛ ሰፈር ልጆቻቸውን ለዚህ ጨዋታ የሚያዘጋጁ ወላጆች አሉ። ኮከቡን እንደ ማትሪክ ውጤት ነው የሚያዩት፤ አንዴ ከመጣ አለቀ። ጽሑፋችሁን ሲያነቡ ይህ እምነታቸው እንደሚጠነክር ብታስቡበት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ስሌቱን በአጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ ቡድን በግማሽ ጨዋታ ሦስት ታይም አውት (ሰዓቱን የሚያስቆም እረፍት) አለው። አንድ ሙከራ (ኳሱ ተነስቶ እስኪቆም ያለው ጨዋታ) ሜዳ ውስጥ ካለቀ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ኳሱን የያዘው ቡድን ቀጣዩን ለመጀመር 40 ሰከንድ አለው። እየመራህ ከሆነና ተቃራኒህ ታይም አውት ከጨረሰ፣ ኳርተርባክህ ኳሱን ተቀብሎ ተንበርክኮ ጉልበቱን መሬት ያስነካል፤ ሙከራው እዚያው ያልቃል፣ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ከዚያ 40ውን ሰከንድ ቆመህ ታሳልፋለህ። ይህን ሦስት ጊዜ ብታደርግ ሁለት ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። ማንም አይነካህም፣ ኳስም አይወድቅም። ለዚህ ባለ አምስት ኮከብ አያስፈልግም። መደመር የሚችል ሰው ይበቃል።

እንግዲህ ጥቅምት 7 ቀን 2023 (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ማያሚ የሆነውን ተመልከቱ። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ እስከዚያ ቀን አልተሸነፈም፤ በሀገሪቱ 17ኛ ደረጃ ላይ ነበር። የመጣበት የእኛ ከተማ ጆርጂያ ቴክ ነው፤ ቴክ ደግሞ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በቦውሊንግ ግሪን የተሸነፈ ቡድን ነው። በእናንተ ሠንጠረዥ ቢሆን ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያለቀ ነበር። ማያሚ 20 ለ 17 እየመራ፣ ኳሱን ይዞ፣ ከ40 ሰከንድ ያነሰ ቀረ። ቴክ አንድም ታይም አውት የለውም። አንዴ ብቻ መንበርከክ ነው! አሰልጣኙ ማሪዮ ክሪስቶባል ግን ኳሱ ለሯጭ እንዲሰጥ አደረጉ። ልጁ ሮጠ፣ ተያዘ፣ ኳሷ አመለጠችው። 26 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። ቴክ በቀሩት ሰከንዶች 74 ያርድ ሄዶ፣ አንድ ሰከንድ ሲቀር በ44 ያርድ ቅብብል ታችዳውን (ኳሱን የተቃራኒውን የመጨረሻ መስመር አሳልፎ የሚገኝ ስድስት ነጥብ) አስቆጠረ። 23 ለ 20። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ማያሚ ግን አፍሶ ለመልቀም እንኳ ጊዜ አላገኘም።

እዚህ ሰፈር የቴክ ደጋፊዎች ያን ሌሊት ምን እንዳደረጉ አልነግራችሁም። እኔ የምለው፣ ጥፋቱን ኳሷ ባመለጠችው ልጅ ላይ ማላከክ ይቀላል። ልጁ ግን መጀመሪያውኑ ኳስ መያዝ አልነበረበትም። ክሪስቶባልም ከጨዋታው በኋላ መንበርከክ ነበረብን ብለው አምነዋል። የሚያናድደው ነገር፣ ይህ ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። በ2018 የኦሪገን አሰልጣኝ ሳሉ ስታንፎርድን 31 ለ 28 እየመሩ፣ ሰዓቱን ማቃጠል ሲገባቸው ለሯጭ ሰጡ። 51 ሰከንድ ሲቀር ኳስ ወደቀ። ስታንፎርድ በፊልድ ጎል (ኳሱን በምሰሶዎቹ መሃል መትቶ በሚገኝ ሦስት ነጥብ) አቻ አደረገና በተጨማሪ ሰዓት 38 ለ 31 አሸነፈ። በዚያኛው ጨዋታ ስሌቱ ትንሽ ያከራክር ይሆናል። የማያሚው ግን ምንም አያከራክርም።

ክሪስቶባልን ብቻ ለመውቀስ አልፈልግም። ሰውዬው ሰነፍ አሰልጣኝ ቢሆኑ ኖሮ በ2025 የውድድር ዓመት ማያሚን ለፍጻሜ ባላደረሱ ነበር። ያ የፍጻሜ ጨዋታ የተደረገው ደግሞ ቴክ ባሸነፋቸው በዚያው ስታዲየም ነው። በዚያ ጨዋታ ኢንዲያና በአራተኛው ሩብ 17 ለ 14 እየመራ አራተኛ ዳውን (አሥር ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች የመጨረሻው) ደረሰ። ፊልድ ጎል መምታት ይችል ነበር። ሲግኔቲ ግን ኳሱን ለሜንዶዛ ሰጡ፤ ልጁ 12 ያርድ ሮጦ ታችዳውን አስገባ። ይህም ያው የመጨረሻ ሰዓት ውሳኔ ነው። ጊዜውን፣ ነጥቡንና የልጁን ልብ አንድ ላይ አስልቶ መወሰን ይጠይቃል። የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋል?

የኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) አሰልጣኝ የነበሩት ሌስ ማይልስም አሉ። በ2009 ኤልኤስዩ በኦል ሚስ (በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) 25 ለ 23 እየተመራ ኳስ ይዞ ወደፊት እየሄደ ነበር። ታይም አውት እያላቸው ሰከንዶቹ ዝም ብለው ፈሰሱ። በመጨረሻ ረጅም ኳስ ተይዛ አንድ ሰከንድ ሲቀር ጎሉ አፍ ላይ ደረሱ። ፊልድ ጎል መቺዎቹ ግን አልተዘጋጁም፤ ኳርተርባኩ ኳሱን መሬት መትቶ ሰዓቱን ለማቆም ሲሞክር ጨዋታው አለቀ። በቀጣዩ ዓመት በቴነሲ ላይም ተመሳሳይ ግርግር ውስጥ ገቡ። ያኔ ያዳናቸው ቴነሲ በተፈቀደው 11 ፋንታ 13 ሰው ሜዳ ላይ ማስገባቱ ነው። ቅጣቱ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ሰጣቸውና 16 ለ 14 አሸነፉ። ሽንፈቱን ስትዘግቡ ሰዓቱን ካላነሳችሁ፣ እንዲህ ያለውን ድል ስታወድሱም ያው ታሳስታላችሁ።

ሰዓትን እንደ መሣሪያ የሚጠቀሙበትም አሉ። ጥቅምት 2024 ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን 32 ለ 31 ሲያሸንፍ አሰልጣኙ ዳን ላኒንግ 10 ሰከንድ ሲቀር 12ኛ ሰው አስገቡ። ቅጣቱ አምስት ያርድ ብቻ ነው። ተጋጣሚው ግን አራት ሰከንድ ከሰረ። በቀሩት ስድስት ሰከንዶች የኦሃዮ ስቴት ኳርተርባክ ሮጦ ሲንሸራተት ሰዓቱ አለቀ። ብልጠቱ ስላስደነገጣቸው የሕግ ሰዎች በቀናት ውስጥ ክፍተቱን ደፈኑት። የቡድኑ ስንት ኮከብ ያን ሰከንድ ይመልሰው ነበር?

«በቂ ተሰጥኦ ካለ በ30 ነጥብ ትመራለህ፤ ሰዓቱ ምን ያደርጋል?» የምትሉኝ ይመስለኛል። ለአብዛኛው ቅዳሜ ልክ ናችሁ። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሁልጊዜ በሦስተኛው ሩብ ጨዋታውን የሚጨርስ ቡድን፣ በጭንቅ ሰዓት መወሰንን የሚለማመድበት አጋጣሚ ያንሰዋል። ይህ የራሴ ግምት ነው። ግን አስቡት፤ ደካማው ቡድን ሳምንት በሳምንት በአንድና በሁለት ነጥብ እየተናነቀ ይማራል፤ ባለ ኮከቡ ደግሞ ፈተናውን የሚያገኘው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድን ሻምፒዮኑ ወደሚለይበት ማጣሪያ ስለሚገባ፣ ኮከብ ከኮከብ የሚገናኝበት ጨዋታ በዝቷል። ሁለቱም ጉልበት ካላቸው የሚለያያቸው ሌላ ነገር ነው።

ስሌቱም ተቀይሯል። በ2023 የመጀመሪያ ዳውን ሲገኝ (አሥሩ ያርድ ሞልቶ አዲስ አራት ሙከራ ሲሰጥ) ሰዓት የሚቆምበት ሕግ ከየግማሹ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ በስተቀር ቀረ። በ2024 ሁለት ደቂቃ ሲቀር የሚሰጥ እረፍት ተጨመረ፤ ለሚመራው ቡድን ይህ ተቃራኒው አራተኛ ታይም አውት እንዳለው ያህል ነው። በዚያው ዓመት አሰልጣኝ በሄልሜት ውስጥ ባለ ሬዲዮ ከአንድ ተጫዋች ጋር እንዲነጋገር ተፈቀደ። አሁን «መልእክቱ አልደረሰም ነበር» የሚል ሰበብም ጠቧል። አሰልጣኞቹ በዓመት ሚሊዮኖች ይከፈላቸዋል። አጠገባቸው ወረቀት ይዞ የሚያሰላ አንድ ሰው ማስቀመጥ ከአንድ ባለ አምስት ኮከብ ልጅ በጣም ይረክሳል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ጨዋታ ዘገባ በታች አነስተኛ ሣጥን አድርጉልን። አራት ደቂቃ ሲቀር ማን እየመራ ነበር? እያንዳንዱ ቡድን ስንት ታይም አውት ቀርቶት ነበር? በምን ላይ አዋለው? የሚመራው መንበርከክ ሲችል ሮጧል ወይ? በግማሹ ማብቂያ ላይም ያንኑ ብትጨምሩ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ነጥብ እዚያም ይባክናል። ለዚህ ቦታ ጠበበን ካላችሁ የኮከብ ሠንጠረዡን በግማሽ ቀንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ክላርክስተን፣ ጆርጂያ